ከላውተርብሩነን ሸለቆ የተማርኩት

(ይህ ጽሑፍ አንዲት አባላችን በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያቀረበችው ንግግር ነው። ብዙዎቻችሁ በጠየቃችሁት መሠረት ሙሉውን አትመነዋል። በውስጡ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ እዚህ የቆምኩት ኮሚቴው «ለመጪው በጋ ሽርሽር የምንሄድበትን ሸለቆ አንቺ ኖረሽበታልና አስተዋውቂን» ስላለኝ ነው። ስለ ፏፏቴና ስለ አበባ አውርቼ ልቀመጥ ነበር ያሰብኩት። ነገር ግን ከእኔ ቀድማ ገንዘብ ያዣችን ያቀረበችውን የሒሳብ ሪፖርት ስሰማ፣ የእሷም የእኔም ወሬ ስለ አንድ ነገር ሆኖ አገኘሁት። እንዴት እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ሸለቆውን ላሳያችሁ።

ሸለቆው ላውተርብሩነን ይባላል። ከበርን ተነስታችሁ ኢንተርላከን ላይ ባቡር ስትቀይሩ መንገዱ በጠቅላላው አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል። መንደሩ ያለው ከባሕር ጠለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። «ይህማ ከአዲስ አበባ በብዙ ያንሳል» የምትል አትጠፋም፤ ልክ ናት። የሚያስደንቀው ግን መንደሩ ሳይሆን ዙሪያው ነው። በግራም በቀኝም እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ የኖራ ድንጋይ ገደል በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ወደ ላይ ይወጣል። ገደሉ አናት ላይ መሬቱ ለጥ ስለሚል መንደሮች አሉ፤ በአንድ በኩል ቬንገን፣ በሌላው በኩል ሙረን። ሁለቱም መኪና የማይገባባቸው ናቸው። ከእነሱ በላይ ደግሞ በረዶ የለበሱት ሦስቱ ተራሮች ተሰልፈው ይታያሉ፤ አይገር፣ ሞንኽና ዩንግፍራው። ሞንኽ ማለት መነኩሴ፣ ዩንግፍራው ማለት ድንግል ማለት ነው። ዩንግፍራው 4,158 ሜትር ከፍታ አላት።

የእኛው ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነውና ዩንግፍራውን ይበልጣል። ታዲያ እዚያ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ በረዶ የሌለው ለምንድን ነው ብትሉ፣ እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ነው። ይሁን እንጂ በጥንቱ የበረዶ ዘመን በሰሜን ተራሮችም ሆነ በባሌ ተራሮች ላይ ግግር በረዶ ነበር። የሳነቲን አምባ ያየች ሰው በረዶ የረገጠውን መሬት አይታለች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። እኛ «በረዶ» ስንል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚንጣጣው፣ የልጆች እጅ ላይ የሚቀልጠው ነው። እዚህ ሀገር እንደ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደውንም በረዶ እንላለን፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም በረዶ እንላለን። ተራራ ላይ ለመቶና ለሺህ ዓመታት የተከማቸው ግን ግግር በረዶ ነው። በየክረምቱ የሚወርደው በረዶ በበጋ ቀልጦ ሳያልቅ ሲቀር፣ የዘንድሮው በአምናው ላይ ይከመራል። የላይኛው ክብደት የታችኛውን ይጠቀጥቀዋል፤ በመካከል ያለው አየር ይወጣል፤ ለስላሳው ነገር እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ውፍረቱ ሲበዛ ደግሞ በራሱ ክብደት ወደ ቁልቁል መንቀሳቀስ ይጀምራል። ዓይን አያየውም እንጂ ግግር በረዶ የሚፈስ ነገር ነው።

እኔ ወደዚያ ሸለቆ የሄድኩት ይህን ሁሉ አውቄ አልነበረም። አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጽጂ ሆኜ ተቀጥሬ ነው። እንግዶቹ መጋረጃውን ከፍተው «እንዴት ያምራል!» ሲሉ፣ እኔ አንሶላ እየቀየርኩ «ምኑ ነው የሚያምረው?» እል ነበር። የመጀመሪያው ክረምት በተለይ ከባድ ነበር። ገደሉ ከፍ ያለ ስለሆነ በታኅሣሥ ፀሐይ ዘግይታ ብቅ ትልና ቶሎ ትሰወራለች። ቋንቋ አላውቅም፤ የማውቀው ሰው የለም። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ጨለማ፣ ማታ ስመለስ ጨለማ። ጉድጓድ ውስጥ የወደቅኩ ያህል ይሰማኝ ነበር። ለእናቴ ስደውል ግን «ደኅና ነኝ፤ ሀገሩ ውብ ነው» ነበር የምላት።

ከዚያ ጉድጓድ ያወጡኝ ጎረቤቴ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ላም ሲያረቡ የኖሩ ሴት ነበሩ። አንድ እሑድ በሬን አንኳኩተው፣ በእጃቸው ወደ ጫማዬ እያመለከቱ ውጪ ውጪ አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየእሑዱ አብረን እንሄዳለን። በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ስጠይቃቸው እሳቸው በቀስታ ይመልሱልኛል፤ ካልገባኝ መሬት ላይ በዱላቸው ይሥሉልኛል። የሸለቆውን ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ የሣሉልኝ ሁለት መስመሮችን ነበር። የዓባይን በረሃ ወይም የጀማን ገደል ያየች ሰው ወንዝ መሬትን እንዴት እንደሚቆርጥ ታውቃለች። ወንዝ እንደ ቢላ ወደ ታች ስለሚቆርጥ ሸለቆው ታቹ ይጠብባል። ላውተርብሩነን ግን ገንዳ ነው የሚመስለው፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ወለሉ ሰፊና ለጥ ያለ። ይህን ገንዳ የቆፈረው በተደጋጋሚ የበረዶ ዘመናት የመጣና የሄደ ግግር በረዶ ነው። ድንጋይ ከሥሩ ነቅሎ በሆዱ ይዞ እየተጎተተ፣ ወለሉንም ጎኑንም እኩል ይፍቅ ነበር። በረዶው ሲሄድ የወንዝ ደለልና ከገደል የተናደ ድንጋይ ወለሉን ሞላው፤ ዛሬ ሣር የሚታጨድበት ሜዳ እሱ ነው።

የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ከ24,000 ዓመት ገደማ በፊት ጫፍ ሲደርስ፣ ከእነዚህ ተራሮች የወረደው በረዶ እስከዚህ እስከ በርን ደርሶ ነበር። ዛሬ የተሰበሰብንበት መሬት ሳይቀር ከበረዶ ሥር ነበር ማለት ነው። በከተማችን ዙሪያ ካሉት ጉብታዎች አንዳንዶቹ በረዶው ገፍቶ አምጥቶ የተዋቸው የድንጋይና የአፈር ክምሮች ናቸው።

ሁለተኛው ትምህርቴ ፏፏቴዎቹ ነበሩ። በሸለቆው ውስጥ 72 ፏፏቴዎች አሉ ይባላል። ለምን ይህን ያህል በዙ? ትልቁ ግግር በረዶ ዋናውን ሸለቆ አጥልቆ ሲቆፍር፣ ከጎን የሚገቡት ትንንሾቹ ግን እንደ እሱ ለመቆፈር አቅም አልነበራቸውም። በረዶው ቀልጦ ሲሄድ የትንንሾቹ ሸለቆዎች አፍ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ ቀረ። ስለዚህ ጅረቶቹ ወደ ወንዙ ለመግባት ከገደሉ መዝለል አለባቸው። ከሁሉም የታወቀው ከመንደሩ ጫፍ ላይ የሚወርደው ሽታውብባኽ ነው፤ ቁመቱ 297 ሜትር ያህል ይሆናል። ትርጉሙ «የአቧራ ጅረት» ማለት ነው፤ ውሃው መሬት ሳይደርስ ነፋስ በትኖት እንደ አቧራ ስለሚሆን። ይህ ሲነገረኝ ሳቅሁ። የእኛ ሰዎች ጢስ አይተው «ጢስ ዓባይ» አሉ፤ የዚህ ሀገር ሰዎች አቧራ አይተው ይህን ስም አወጡ። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ በ1779 እዚህ መጥቶ ይህን ፏፏቴ ካየ በኋላ ግጥም ጽፎበታል።

ከመንደሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ተራራው ሆድ ውስጥ የሚወርድ ፏፏቴ አለ፤ ትሩሜልባኽ ይባላል። ከ1913 ጀምሮ በአለት ውስጥ በተሠራ አሳንሰር ይወጣበታል። የአይገርን፣ የሞንኽንና የዩንግፍራውን ገጽ የሸፈነው በረዶ ሲቀልጥ ውሃውን የሚያወርደው ይህ ጅረት ነው። በአለቱ ውስጥ አሥር ፏፏቴዎች እየተጠማዘዙ ይወርዳሉ። ውሃው ሲበረታ በሰከንድ እስከ 20,000 ሊትር ይፈስሳል። ይህም በየሰከንዱ አንድ ትልቅ የውሃ ቦቴ ቢገለበጥ ማለት ነው። በዓመት ከ20,000 ቶን በላይ ድንጋይና አሸዋ ይዞ ይወርዳል። ውስጡ ገብታችሁ ስትቆሙ ድምፁ በእግራችሁ በኩል ደረታችሁ ድረስ ይሰማችኋል።

ሦስተኛው የወንዙ ቀለም ነው። ነጯ ሉትሺነ የሚሏት ወንዝ በበጋ ቀጠን ያለ አጥሚት ትመስላለች። ቆሻሻ መስሎኝ ነበር። አዛውንቷ እጃቸውን ነክረው አወጡና ጣቶቻቸውን አሻሹልኝ፤ በጣም የላመ ዱቄት ነበር። የድንጋይ ዱቄት ነው። እናቶቻችን እህሉን በወፍጮው ላይ አድርገው በመጁ ሲፈጩ እንዳየነው ሁሉ፣ በረዶው በሆዱ የያዘውን ድንጋይ ከሥሩ ባለው አለት ላይ ሲፈጭ የሚወጣ ዱቄት ነው። ያ ዱቄት ብሪየንዝ ሐይቅ ሲደርስ ብርሃን እየበተነ ሐይቁን አረንጓዴ ሰማያዊ ያደርገዋል። ውሃው ከዚያ ወደ ቱን ሐይቅ፣ ከዚያም በአሬ ወንዝ ወደዚህ ወደ በርን ይመጣል፤ ቀጥሎ ወደ ራይን፣ በመጨረሻም ወደ ሰሜን ባሕር። ልጆቻችን በሐምሌ የሚዋኙበት አሬ ውስጥ የዚያ ሸለቆ በረዶ አለበት።

ሕይወት ያለውንም ነገር ማየት የተማርኩት ያኔ ነው። በረዶው ለቆ በሄደበት ድንጋይ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው እንደ ሽበት አለት ላይ የሚለጠፈው ነው። ቀጥሎ ሽበቱና የድንጋዩ ብናኝ ትንሽ አፈር ሲሠሩ ደቃቅ አበባ ይበቅላል፤ ከዚያ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ዛፍ። ከሸለቆው መጨረሻ ወደ በረዶው ስትወጡ ይህን ቅደም ተከተል ከኋላ ወደ ፊት ታዩታላችሁ፤ ዛፉ ያልቃል፣ ቁጥቋጦው ያልቃል፣ በመጨረሻ ባዶ ድንጋይ ይቀራል።

እንስሶቹም ዘመድ ሆነው ነው ያገኘኋቸው። የአልፕስ ተራሮች የዱር ፍየል የእኛ ዋልያ የቅርብ ዘመድ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአደን ምክንያት ከመላው አልፕስ ጠፍቶ በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን አንድ አካባቢ ብቻ ጥቂት ቀርቶ ነበር። ከ1911 ጀምሮ በስዊዘርላንድ ተራሮች ተመልሶ ተለቀቀ፤ ዛሬ በሺዎች ይቆጠራል። አጥንት ወደ ሰማይ ይዞ ወጥቶ አለት ላይ ጥሎ የሚሰብረው ጢማም አሞራም በሰሜን ተራሮች ያለው ነው። እሱም ከአልፕስ ፈጽሞ ጠፍቶ ከ1986 ጀምሮ እንደገና እንዲመለስ ተደርጓል። የጠፋ ነገር ሰው ከተጋበት ሊመለስ እንደሚችል ያየሁት በእነዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ግግር በረዶ እንደ ባንክ ደብተር ሒሳብ አለው። አጥኚዎቹ ዓመቱን የሚጀምሩት ኦክቶበር 1 ቀን ነው። በረዶው ላይ ችካል ይተክላሉ፤ ጉድጓድ ቆፍረው የክረምቱን በረዶ ይለካሉ። የክረምቱ በረዶ ገቢ ነው፤ በበጋ የሚቀልጠው ወጪ ነው። እኛ ሀገር ክረምት ማለት ውሃ የሚፈስበት፣ ጭቃው የሚጨማለቅበት ወቅት ነው። የዚህ ሀገር ክረምት ግን ውሃ የሚቀመጥበት ወቅት ነው። የተቀመጠው በበጋ ቀስ እያለ ይወርድና ሜዳውን ያጠጣል፤ ተርባይኑን ያዞራል። ስለዚህ መቅለጡ በራሱ በሽታ አይደለም። ፈጽሞ የማይቀልጥ በረዶ ለሸለቆው ምንም አይጠቅመውም። ችግር የሚመጣው ወጪው ከገቢው እየበለጠ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ነው።

በ2022 ክረምቱ በረዶ አልሰጠም። በመጋቢት ደግሞ ከሰሐራ በረሃ የተነሳ አቧራ መጥቶ በረዶውን አለበሰው። ነጭ በረዶ የፀሐይን ብርሃን ወደ መጣበት ይመልሳል፤ የጠቆረ በረዶ ግን ሙቀቱን ይጠጣል። ቀጥሎ በጣም የሞቀ በጋ ተከተለ። በዚያ በአንድ ዓመት የስዊዘርላንድ ግግር በረዶዎች ካላቸው ወደ 6 በመቶ የሚሆነውን አጡ። በ2023 ደግሞ ወደ 4 በመቶ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት የጠፋው ከ1960 እስከ 1990 ባሉት ሠላሳ ዓመታት የጠፋውን ያህል ነው። በ2024 ክረምቱ ብዙ በረዶ ሰጠ፤ ሰዉም ተስፋ አደረገ። ነገር ግን በጋው ስለሞቀ ያ ዓመትም በኪሳራ ተዘጋ። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዓለም በሚያነደው ነዳጅና ከሰል አየሩ እየሞቀ ነው።

ከሁሉ የደነቀኝን ልንገራችሁ። አንድ በጋ ዝናብ ጠፍቶ በሌላ ቦታ ያሉ ጅረቶች ሲደርቁ የእኛ ወንዝ ግን አፉ ድረስ ሞልቶ ነበር። ተደስቼ ለአዛውንቷ «አያችሁ፣ እኛ ጋ ውሃ አይጠፋም» አልኳቸው። እሳቸው አልተደሰቱም። ወደ ገደሉ ጫፍ በዱላቸው አሳዩኝና፣ በልጅነታቸው የበረዶው ምላስ እስከየት ይደርስ እንደነበር ነገሩኝ። ያሳዩኝ ቦታ አሁን ግራጫ ድንጋይ ብቻ ነው። «ወንዙ የሞላው በረዶው ስላለ አይመስልሽ፤ እየሄደ ስለሆነ ነው» አሉኝ። ግግር በረዶ ሲመነምን በመጀመሪያ ዓመታት ውሃው እንዲያውም ይጨምራል፤ መጉደል የሚጀምረው ኋላ፣ የሚቀልጠው ሲያልቅ ነው። በዚያ ወቅት የሚጠጣ ሰው ትርፉን የሚጠጣ ይመስለዋል፤ የሚጠጣው ግን ዋናውን ነው።

ተራራውን በአንድ ላይ ያቆመው በረዶ ሲለቅ ድንጋዩም ይለቃል። ከላውተርብሩነን ራስ ተራራውን ተሻግሮ ባለው በሎትሸንታል ሸለቆ፣ ብላተን የሚባል መንደር ነበረ። በሜይ 2025 ከመንደሩ በላይ ያለው ተራራ መናድ ጀመረ፤ ድንጋዩም በግግር በረዶው ላይ ተከመረ። የሚከታተሉ ሰዎች ነበሩና ወደ 300 የሚሆኑት ነዋሪዎች ከነከብቶቻቸው አስቀድመው እንዲወጡ ተደረገ። ሜይ 28 ቀን በረዶውና ድንጋዩ በአንድ ላይ ወርዶ አብዛኛውን መንደር ቀበረው። የአንድ ሰው ሕይወት ጠፋ። ሌሎቹ የተረፉት ተራራውን የሚያዳምጥ ሰው ስለነበረና «ውጡ» ሲባሉ ስለወጡ ነው።

እህቶቼ፣ የገንዘብ ያዣችንን ሪፖርት ስሰማ የሞላው ወንዝ ትዝ አለኝ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከምንጊዜውም የበለጠ እህቶችን ረድተናል ስትል ሁላችንም አጨበጨብን፤ እኔም አጨብጭቤአለሁ። ቀጥላ ግን የወጣው ገንዘብ ከመዋጮ ሳይሆን ከተቀማጩ ነው ብላ ተናገረች፤ ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የሻይ ብርጭቆ ነበር የሚሰማው።

ሁለት ሐሳብ ሲነሳ ሰማሁ። አንዳንዶቻችን «ሣጥኑ እስኪሞላ እርዳታው ይቁም» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ለጋሾች አሉን፤ ይሸፍኑታል» አልን። በሁለቱም አልስማማም።

እርዳታው ይቁም በሚለው የማልስማማው እኔ ራሴ በሕይወት ስላለሁ ነው። በ2020 ወረርሽኙ መጥቶ ሆቴሎች ሲዘጉ፣ ከሥራ ከቀሩት አንዷ ነበርኩ። የቤት ኪራይ የምከፍለው አልነበረኝም። ይህ ማኅበር ኪራዬን ከፈለልኝ፤ ማንም እንዲያውቅ ሳያደርግ። እኔ በክፉ ቀኔ ከዚያ በረዶ ጠጥቻለሁ። ለሌላዋ እህት ይከልከል ብል አፌ አይታዘዘኝም።

ለጋሾቻችን ይሸፍኑታል በሚለውም አልስማማም፤ እዚህ ያላችሁ ወዳጆቻችን እንደማትቀየሙኝ አምናለሁ። ሮን የሚባለው ግግር በረዶ ላይ በየበጋው ነጭ ወፍራም ጨርቅ ያለብሱታል፤ ጋቢ እንደ ማልበስ ነው። ከጋቢው ሥር ያለው በረዶ በእውነት ዘግይቶ ይቀልጣል። ግን የሚሸፈነው ትንሽ ቦታ ነው፤ ግግሩን የሚያኖረው የራሱ ክረምት ብቻ ነው። የእናንተ ስጦታ ጋቢያችን ነው፤ እናመሰግናለን። ክረምቱ ግን ከእኛ ከአባላቱ መምጣት አለበት።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከላውተርብሩነን በስተደቡብ፣ በቫሊስ ካንቶን ውስጥ፣ ቶርበል የሚባል የገበሬዎች መንደር አለ። በ1517 የጻፉት ደንብ፣ ማንም ሰው በክረምት በራሱ ድርቆሽ ሊቀልበው ከሚችለው ላም በላይ ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳይልክ ይከለክላል። የጋራውን ግጦሽ ለመቶዎች ዓመታት ሳያጠፉት የኖሩት እንዲህ ባለው ደንብ ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለች አሜሪካዊት ምሁር ይህን መንደር በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ በምሳሌነት አንስታዋለች። በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። የእሷ ትምህርት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ዕቁብና ዕድር ያሳደገን ሰዎች ነን። የጋራ ነገር ባለቤቶቹ ራሳቸው ደንብ ካወጡለት፣ ከተጠባበቁበትም ይቆያል ነው የምትለው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ለጉባኤው አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየዓመቱ የምንሰጠው እርዳታ በዚያው ዓመት ከገባው መዋጮ እንዳይበልጥ ደንብ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ እንደ 2020 ያለ ክፉ ቀን ሲመጣ ዋናው ተቀማጭ ይነካ፤ ነገር ግን የተነካው በምን ያህል ጊዜ እንደሚመለስ በዚያው ቀን በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ይህች በር ባትኖር ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር። ሦስተኛ፣ ሥራ የሌላት እህት ከመዋጮ ነጻ ትሁን፤ ሥራ ያላት ግን ትንሽም ቢሆን በየወሩ ትክፈል። በረዶም የሚወርደው በደቃቁ ነው።

ሦስተኛውን ስናገር ፊቴ ይቀላል። ሥራ ካገኘሁ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል መዋጮዬን አንድ ወር ከፍዬ ሦስት ወር እየዘለልኩ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ ተከብሬ ነው የቆየሁት። «እኔ ባልከፍል ሣጥኑ አይጎድልም» እል ነበር። ወንዙ ሞልቶ ስላየሁ ነው። ዛሬ ጠዋት ያለብኝን ሁሉ ለገንዘብ ያዣችን አስረክቤአለሁ፤ ደረሰኙ በቦርሳዬ አለ። የተራራውን በረዶ እዚህ የተቀመጥነው ሴቶች ብቻችንን መመለስ አንችልም። የዚህን ሣጥን ሒሳብ ግን እንችላለን።

አሁን ስለ ሽርሽሩ ላጠቃልል። የምንሄደው ቅዳሜ ነው፤ ቀኑን ኮሚቴው ያሳውቃችኋል። ከላውተርብሩነን እስከ ሽተኸልበርግ ያለው መንገድ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሜዳ ለሜዳ ስለሆነ የልጅ ጋሪ ይገፋበታል፤ ጉልበታቸው የሚያማቸው እናቶቻችንም ቀስ ብለው ይሄዱታል፤ የደከማት በአውቶቡስ ትመለሳለች። ትሩሜልባኽ ውስጥ በሐምሌም ይበርዳል፤ ውሃም ይረጫልና ሹራብና የማያንሸራትት ጫማ እንዳትረሱ። ምሳ ከቤት ነው፤ ቡናውን እኔ እይዛለሁ። ወንዙ አጠገብ ስንቀመጥ ሁላችሁም እጃችሁን ነክራችሁ ያንን ዱቄት እንድትዳስሱት እፈልጋለሁ።

አዛውንቷ ጎረቤቴ አሁን በሕይወት የሉም። ያንን ጨለማ የመሰለኝን ሸለቆ ያበሩልኝ እሳቸው ስለሆኑ፣ ከዚህ ማኅበር ውስጥ አዲስ መጥታ በክረምቱ ብቻዋን የተቀመጠች እህት ካለች በሯን አንኳኩቼ ይዣት እመጣለሁ። ማን እንደሆነች የምታውቁ ከስብሰባው በኋላ ንገሩኝ።